የጣውላ ፋብሪካ ሥራ፣ የካናዳ መንገድና ትዳራችን

እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሻይ እየተጠጣ ከሚነሡ ወሬዎች መካከል የውጭ አገር ጉዳይ ሁልጊዜም ስፍራ አያጣም። ቀድሞ ወሬው ስለ ዲቪ ነበር፤ ቀጥሎ ስለ ዐረብ አገር ሆነ። አሁን አሁን ደግሞ «ካናዳ የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ኦፕሬተር ትፈልጋለች፤ ትምህርት አይጠየቅም፤ ቤተሰብ አብሮ ይሄዳል» የሚል መልእክት ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። መልእክቱን የሚልኩት ሁሉ አታላዮች አይደሉም። ብዙዎቹ ወንድማቸውን ለመጥቀም ብለው በቅንነት የሚያስተላልፉ ናቸው።

በዚህ አንድ መስመር ውስጥ ግን ሦስት አባባሎች አሉ። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ሥራው አለ። ሁለተኛው ግማሽ እውነት ነው። ሦስተኛውን፣ ማለትም ቤተሰብ አብሮ ይሄዳል የሚለውን፣ ባልና ሚስት ተቀምጠው ሳይመረምሩ አምነው ቤታቸውን እንዳይሸጡ በማሰብ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

ሥራው ምን ይመስላል?

በአገራችን የእንጨት መሰንጠቂያ ሲባል በዐይናችን የሚመጣው ክፍት መጋዝ፣ ግንዱን በእጁና በጉልበቱ የሚገፋ ሰው፣ ወለሉን የሸፈነ ሰጋቱራ ነው። የካናዳው ፋብሪካ ከዚህ በእጅጉ ይለያል። ግንዱ ከጫካ በትልልቅ ተሳቢዎች ይመጣል፤ በማሽን ቅርፊቱ ይላጣል፤ ከዚያም በጨረር ቅርጹና ውፍረቱ ይለካል። ከዚህ ግንድ ስንት ጣውላ፣ ስንት ሞራሌ እንደሚወጣ ኮምፒዩተሩ ያሰላል። ዋናው መጋዝ ግንዱን ይከፍለዋል፤ ቀጣዩ ማሽን ጠርዙን ያስተካክላል፤ ሌላው ርዝመቱን ይቆርጣል፤ በመጨረሻም ጣውላው በመጠን ተለይቶ ወደ ማድረቂያና ወደ መላጊያ ይሄዳል።

ኦፕሬተሩ በመስታወት በተከለለ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በስክሪኖች ይህን ሁሉ ይከታተላል። ሥራው ከጉልበት ይልቅ ትኩረትን ይጠይቃል። ግንዱ ሲጣመም፣ መስመሩ ሲታፈን፣ መጋዙ ሲደንዝ ወዲያው አይቶ መወሰን ያለበት እርሱ ነው። ስለዚህ «ትምህርት አይጠየቅም» የሚለው አባባል ሲመረመር እንዲህ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቅን ይጠይቃሉ፤ ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ ግን የግድ አይደለም። ማሽኑን የሚያስተምሩት እዚያው በሥራ ላይ ነው። አዲስ ሰውም በቀጥታ በዚያ ወንበር ላይ አይቀመጥም፤ ጣውላ በመደርደርና በማጽዳት ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ማሽኑ ይጠጋል። ሥራው በሽፍት ስለሆነ ሌሊት መሥራት የተለመደ ነው። እሑድም ሊደርስ ይችላል፤ ይህን ለሚያገለግሉ ወገኖች አስቀድመን መንገር ተገቢ ነው።

አደጋውንም መደበቅ አይገባም። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በጥር 2012 በበርንስ ሌክ ከተማ የሚገኝ የባቢን ፋብሪካ ፈነዳ፤ 2 ሠራተኞች ሞቱ፣ 20 ቆሰሉ። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ በሚያዝያ ደግሞ በፕሪንስ ጆርጅ የሌክላንድ ፋብሪካ ፈነዳ፤ በዚያም 2 ሞቱ፣ 22 ቆሰሉ። የሁለቱም ምክንያት የእንጨት ብናኝ ነበር። በጥንዚዛ ተበልቶ ቆሞ የደረቀ ጥድ ሲሰነጠቅ የሚወጣው ብናኝ እጅግ ደቃቅና ደረቅ ስለሆነ፣ አየር ላይ ተንሳፎ የእሳት ፍንጣሪ ሲያገኝ እንደ ባሩድ ይሆናል። (እኛ ሰጋቱራን ለምድጃ የምንጠቀምበት ሰዎች ይህን ለመረዳት ብዙ አንቸገርም።) ከዚያ ወዲህ ብናኝን ማጽዳት በፋብሪካዎቹ ዘንድ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ማሽን ሲጠገን ወይም የታፈነ መስመር ሲከፈት ሠራተኛው ኃይሉን አጥፍቶ የራሱን ቁልፍ ይቆልፍበታል፤ ቁልፉም በኪሱ ይሆናል። እርሱ ሳይወጣ ማንም ማሽኑን ማስነሣት አይችልም። ደግሞም በካናዳ ሕግ ሠራተኛ አደገኛ ነው ብሎ ያመነበትን ሥራ እምቢ የማለት መብት አለው። ከአገራችን የሚሄድ ወንድም ወይም እህት «እምቢ ካልኩ ይመልሱኛል» ብሎ በፍርሃት ዝም እንዳይል ይህን ከአሁኑ ይወቅ።

መንገዶቹ

የካናዳ መንግሥት ሥራዎችን ሁሉ በቁጥር መድቦ ያስቀምጣል። የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ኦፕሬተር መለያ ቁጥር 94120 ነው። እያንዳንዱ ሥራ ደግሞ በሚጠይቀው ሥልጠና መጠን «ቲር» ከሚባል ደረጃ ይመደባል፤ ደረጃው ከ0 እስከ 5 ነው፤ 0 የሥራ አመራር፣ 5 ደግሞ አጭር ማሳያ ብቻ የሚያስፈልገው ሥራ ነው። የእኛ ኦፕሬተር 4ኛው ላይ ይገኛል። አብዛኛው ወሬ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው «ኤክስፕረስ ኢንትሪ» የተባለው የነጥብ መንገድ ከ0 እስከ 3 ላሉት ሥራዎች እንጂ ለ4ኛው አይደለም። ስለዚህ በዚህ ሥራ ብቻ ነጥብ ቆጥሮ ቋሚ መኖሪያ ማግኘት አይቻልም። «ኤክስፕረስ ኢንትሪ እንሞላልሃለን፣ ሥራው ጣውላ ፋብሪካ ነው» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ወይ አያውቅም፣ ወይ እያወቀ ነው።

የቀሩት መንገዶች በአሠሪ በኩል የሚያልፉ ናቸው። አንደኛው በጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ መሄድ ነው። አሠሪው ለቦታው ካናዳዊ ፈልጎ እንዳጣ ለመንግሥት አስረድቶ «ኤል ኤም አይ ኤ» የሚባለውን ፈቃድ ያወጣል። ለዚህ 1,000 የካናዳ ዶላር ይከፍላል፤ ይህንም ገንዘብ ከሠራተኛው መልሶ መውሰድ በሕግ ተከልክሏል። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ወዲህ ይህ መንገድ ጠቧል። ደመወዙ ከተወሰነው ወለል በታች ለሆነ ሥራ ፈቃዱ ከሁለት ዓመት ወደ አንድ ዓመት ተቀንሷል። የሥራ አጡ ቁጥር 6 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነባቸው ትልልቅ ከተሞች ደግሞ፣ ከጥቂት የሥራ ዘርፎች በቀር፣ ማመልከቻው አይታይም። ወለሉም ራሱ ከኅዳር 2024 ጀምሮ ከክፍለ ሀገሩ መካከለኛ ደመወዝ 20 በመቶ ከፍ እንዲል ተደርጓል። ፈቃዱ ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ ነው፤ ሌላ ቦታ ሄዶ መሥራት አይቻልም። አሠሪው ግፍ ከፈጸመ ግን ሠራተኛው ማስረጃ አቅርቦ ክፍት የሥራ ፈቃድ እንዲጠይቅ ከ2019 ጀምሮ ተፈቅዶለታል።

በዚህ ፈቃድ ገብቶ የሠራ ሰው በክፍለ ሀገር መርሐ ግብር ወደ ቋሚ መኖሪያ ሊያልፍ ይችላል። ለምሳሌ በአልበርታ የሚሠራ ሠራተኛ ባለፉት 18 ወራት ውስጥ 12 ወር በሙሉ ጊዜ ከሠራ «አልበርታ ኦፖርቹኒቲ» በተባለው መስመር ፍላጎቱን መግለጽ ይችላል። ከዚያ በኋላ መጋበዝ አለመጋበዙ የክፍለ ሀገሩ ውሳኔ ነው። እንግዲህ በአንድ ዓመት ፈቃድ ውስጥ ይህን መፈጸም ጠባብ በር መሆኑን አስተውሉ።

ሁለተኛው የአትላንቲክ መርሐ ግብር ነው። በምሥራቅ ጠረፍ ላሉት አራት ክፍለ ሀገሮች፣ ለኒው ብራንስዊክ፣ ለኖቫ ስኮሺያ፣ ለፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴትና ለኒውፋውንድላንድ ላብራዶር የተዘጋጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በሙከራ ተጀምሮ ከጥር 2022 ወዲህ ቋሚ ሆኗል። 4ኛ ደረጃ ሥራን ይቀበላል፤ ነገር ግን አሠሪው በክፍለ ሀገሩ የተመዘገበ፣ የሥራ ውሉም ቋሚ መሆን አለበት። ኤል ኤም አይ ኤ አያስፈልግም። እኔ ለባለትዳሮች የምመርጠው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ለሠራተኛው ብቻ ሳይሆን አብሮት ለሚሄደው ቤተሰብም የመቋቋሚያ ዕቅድ እንዲዘጋጅ ይጠይቃል።

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በጥር 2025 መጨረሻ የተጀመረው የገጠር ማኅበረሰብ መርሐ ግብር ነው። 14 ማኅበረሰቦች ተመርጠውበታል፤ ከነዚህም ተንደር ቤይ፣ ቲሚንስና በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሚገኘው ፒስ ሊያርድ የደንና የእንጨት ሥራ የሚታወቅባቸው ናቸው። እዚህም አሠሪው በማኅበረሰቡ የተመዘገበ መሆን ይገባዋል። እያንዳንዱ ማኅበረሰብ የሚቀበላቸውን የሥራ ዘርፎችና የሰው ቁጥር ራሱ ስለሚወስን የዘንድሮው ዝርዝር ከአምናው ሊለይ ይችላል።

ኲቤክ የራሷ ሥርዓት አላት፤ ፈረንሳይኛ ለማያውቅ ሰው አትመከርም።

በሁለተኛውና በሦስተኛው መንገድ ለ4ኛ ደረጃ ሥራ የሚጠየቀው የቋንቋ ችሎታ «4» ነው። በአይኤልትስ የጄኔራል ፈተና ሲተረጎም በማዳመጥ 4.5፣ በማንበብ 3.5፣ በመጻፍና በመናገር 4.0 ማለት ነው። ይህ በትጋት ለሚያጠና ሰው የሚደረስበት ነው። የሥራ ልምዱ 1,560 ሰዓት፣ ማለትም አንድ ዓመት ያህል ሲሆን በአትላንቲኩ ባለፉት 5 ዓመታት፣ በገጠሩ ባለፉት 3 ዓመታት የተገኘ መሆን አለበት። በአገራችን የተሠራም ይቆጠራል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ በግል ወርክሾፕ ለራሱ የሠራ አናጢ፣ ምንም ያህል ባለሙያ ቢሆን፣ ያ ልምዱ አይቆጠርለትም። በበጎ ፈቃድ የተሠራም እንዲሁ። ደመወዝ የተከፈለበትና አሠሪው በደብዳቤ የሚመሰክርለት ሥራ ያስፈልጋል። በየወርክሾፑ ያሉ ወንድሞቻችንን ስለማውቅ ይህ ደንብ ያሳዝነኛል፤ ይሁን እንጂ የተቀጠሩበትን ዘመን እንዳይመስል አስመስሎ መጻፍ መፍትሔ አይደለም።

«ቤተሰብ አብሮ ይሄዳል»?

ቀድሞ በካናዳ በጊዜያዊ ፈቃድ የሚሠራ ሰው የትዳር ጓደኛ በብዙ ሁኔታ ክፍት የሥራ ፈቃድ ታገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥር 21 ቀን 2025 ጀምሮ ይህ ተለውጧል። ፈቃዱ የሚሰጠው ሠራተኛው በ0ና በ1 ደረጃ፣ እንዲሁም በተመረጡ የ2ና የ3 ደረጃ ሥራዎች ላይ ሲሆን ነው። 4ኛው የለበትም። በሌላ አነጋገር ባል በጣውላ ፋብሪካ በጊዜያዊ ፈቃድ ቢቀጠር፣ ሚስት በእርሱ ምክንያት የሥራ ፈቃድ አታገኝም፤ ሚስት ብትቀጠር ለባልም እንዲሁ ነው። በጎብኚነት ማመልከት ይቻላል፤ ግን ጎብኚ አይሠራም። ወደ ቋሚ መኖሪያ በሚያመሩት በአትላንቲኩና በገጠሩ መንገዶች ለሚሄዱ ደንቡ የተለየ ነው፤ ቤተሰቡም በቋሚ መኖሪያው ማመልከቻ ውስጥ አብሮ ይገባል።

እንግዲህ ጥያቄው የቪዛ ብቻ ሳይሆን የትዳርም ሆነ። አንዱ ሄዶ ሌላው ለሁለትና ለሦስት ዓመት ይቅር?

ቅዱስ ቃሉ በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። በዘዳግም 24፥5 አዲስ ያገባ ሰው ለአንድ ዓመት ወደ ዘመቻ እንዳይሄድ፣ በቤቱ ተቀምጦ ሚስቱን እንዲያስደስት ታዟል። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5 ባልና ሚስት እንዳይለያዩ፣ ቢለያዩም በስምምነት፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለጸሎት እንዲሆንና ተመልሰው እንዲገናኙ ይመክራል። የአቂላና የጵርስቅላ ነገርም በሐዋርያት ሥራ 18 ተጽፏል። እነዚህ ባልና ሚስት ከሮም ተባረው ወደ ቆሮንቶስ ሲመጡ ድንኳን የመስፋት ሙያቸውን ይዘው አብረው ሄዱ፤ አብረው ሠሩ፤ ከዚያም ወደ ኤፌሶን አብረው ተሻገሩ። ስደት ራሱ ትዳርን አያፈርስም። በሌላ በኩል አቤሜሌክ በረሃብ ምክንያት ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሞዓብ ሄደ፤ የሆነውን ሩት 1 ላይ እናነባለን። አብሮ መሄድም ቢሆን ዋስትና አይደለም ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሐሳብ ግልጽ ነው። ገና ዓመት ያልሞላቸው ሙሽሮች፣ ወይም ትዳራቸው አሁን በቋፍ ላይ ያለ ባልና ሚስት፣ የአንድ ዓመት የታሰረ ፈቃድ ይዞ አንዱ እንዲሄድ መወሰናቸውን አልደግፍም። ርቀት የተሰነጠቀ ትዳርን ሲጠግን አላየንም። ጽኑ ትዳር ያላቸው ደግሞ ከወሰኑ፣ ውሳኔው የሁለቱም ይሁን። ብዙ ጊዜ ሚስት «እሺ» የምትለው ሽማግሌዎችና ዘመዶች ከጨረሱት በኋላ ነው፤ ያ እሺታ ሳይሆን ዝምታ ነው። እስከ ስንት ወር እንጠብቃለን? ፈቃዱ ባይታደስ ትመለሳለህ ወይስ ተደብቀህ ትቀራለህ? የሚላከው ገንዘብ ለማን፣ ለምን ይውላል? ሌሊት ሠርተህ ስትወጣ እዚህ ስንት ሰዓት ነው፣ መቼስ አብረን እንጸልያለን? እነዚህ ከቲኬቱ በፊት የሚመለሱ ናቸው።

አብረው የሚሄዱትም ስፍራውን ይወቁት። ጣውላ ፋብሪካ ቶሮንቶ መሀል የለም። ከፕሪንስ ጆርጅ እስከ ቫንኩቨር በመኪና 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከተንደር ቤይ እስከ ቶሮንቶ 1,400 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ክረምቱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። የአማርኛ ኅብረት ያለው በቶሮንቶ፣ በካልጋሪ፣ በኤድመንተንና በመሳሰሉት ከተሞች ነው። እዚያ የምትኖሩት ከተማ ውስጥ ያለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ግን በራችሁ ላይ ናት። እንግሊዝኛው ባይገባችሁም ሂዱ፤ ቋንቋውን ለመማር ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ፋብሪካው ራሱ ይቆያል?

ይህንም ጠይቁ። ጥንዚዛው በብሪቲሽ ኮሎምቢያ 18 ሚሊዮን ሄክታር የሚያህል ደን ነክቶ የሚቆረጠውን ግንድ አሳንሶታል። በዚያ ላይ አሜሪካ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከካናዳ ጋር በጣውላ ቀረጥ ስትከራከር ቆይታ፣ በ2025 በተለያየ ጊዜ የጣለችው ሲደመር ለብዙዎቹ ድርጅቶች 45 በመቶ ገደማ ደርሷል። ካንፎር የተባለው ትልቅ ድርጅት በ2024 በቫንደርሁፍና በፎርት ሴንት ጆን ያሉትን ፋብሪካዎቹን እንደሚዘጋ አስታውቋል፤ ዌስት ፍሬዘርም በ2025 የ100 ማይል ሃውስ ፋብሪካውን መዝጊያ ተናግሯል። ፈቃዳችሁ ከአንድ ፋብሪካ ጋር የታሰረ ከሆነና ያ ፋብሪካ ከተዘጋ ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ውል ከመፈረም በፊት ድርጅቱ በዚያች ከተማ ስንት ፋብሪካ እንዳለው፣ በቅርቡ ሽፍት ቀንሶ እንደሆነ፣ ሠራተኛው ማኅበር እንዳለው ማጣራት ብልህነት ነው። በምዕራቡ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ሠራተኞቻቸው በዩናይትድ ስቲልወርከርስ ማኅበር የታቀፉ ናቸው።

ደላላውና ሐሰተኛው ወረቀት

ሥራ የሚሸጥ ሰው ሥራ የለውም። የኤል ኤም አይ ኤ ወረቀት መሸጥ ወንጀል ነው፤ ከሠራተኛ የቅጥር ክፍያ መቀበልም በብዙ ክፍለ ሀገሮች ተከልክሏል። የካናዳ መንግሥት «ጆብ ባንክ» በተባለው ገጹ ክፍት ሥራዎችን በነጻ ያወጣል፤ በአትላንቲኩና በገጠሩ መርሐ ግብር የተመዘገቡት አሠሪዎች ስምም ይፋ ይደረጋል። በክፍያ ማማከር የሚፈቀድላቸው ጠበቆችና በካናዳ የኢሚግሬሽን አማካሪዎች ኮሌጅ የተመዘገቡ ሰዎች ናቸው፤ ስማቸውን በመዝገቡ ላይ ፈልጎ ማረጋገጥ ይቻላል። የአገልጋይነት ማዕረግ ወይም የቤተ ክርስቲያን አባልነት ይህን መዝገብ አይተካም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው አማኞች ራሳቸው በሐሰት ወረቀት ሲገቡ ነው። ያልሠሩበትን ፋብሪካ የልምድ ደብዳቤ ማጻፍ፣ ያላገቡትን ሰው በወረቀት ማግባት፣ ያገቡትን ደግሞ «ነጠላ» ብሎ መደበቅ። ሐሰተኛ መረጃ ያቀረበ ሰው ለ5 ዓመት ካናዳ እንዳይገባ ይታገዳል። የመጨረሻው ጥፋት ግን ከዚህም ይከፋል፤ ለቋሚ መኖሪያ ሲያመለክት ሚስቱን ወይም ልጁን ያላስመዘገበና ያላስመረመረ ሰው፣ በኋላ እነርሱን በቤተሰብ መንገድ ለማስመጣት ሕጉ በመርሕ ደረጃ ይዘጋበታል። «ነጠላ ካልክ ቶሎ ይጨርስልሃል» ተብሎ የተመከረ ባል በገዛ ብዕሩ ከትዳሩ ይለያያል። አብረው ባይሄዱም እንኳ ሁሉም በማመልከቻው ላይ ይጻፉ።

ለዚህም የጋብቻችሁ ወረቀት ይዘጋጅ። የቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ምስክር ወረቀት የከበረ ነው፤ ነገር ግን በውጭ አገር ሰነድ ሆኖ የሚቀርበው በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት የተመዘገበው ነው። በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ በቤተሰብ ሕጋችን የታወቀ ስለሆነ የቤተ ክርስቲያኑን ወረቀትና ምስክሮቻችሁን ይዛችሁ በምትኖሩበት ወረዳ ማስመዝገብ ትችላላችሁ። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተጋባችሁ ብዙዎች ገና ይህ ወረቀት የላችሁም። የልጆቻችሁንም የልደት ምስክር ወረቀት አብራችሁ አውጡ፤ ስማቸው በፓስፖርቱ፣ በልደት ወረቀቱና በትምህርት ቤት ካርዱ ላይ በፊደል ሳይቀር አንድ ዓይነት መሆኑን ተመልከቱ። ለመሄድ ባትወስኑም እንኳ ለዚህ ሥራ አንድ የማክሰኞ ጠዋት ይበቃል።